ከስልክ ቅጂ እስከ ሚክስ፦ ቤት ውስጥ ስለሚቀዳ ዘፈን ጥያቄና መልስ

ቤታችሁ ዘፈን ጀምራችሁ መሃል ላይ የቆመባችሁ ጠይቁ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ። «ከዚህና ከዚያ ማይክ የቱ ይበልጣል» የሚለው ክርክር ውስጥ ግን ዛሬ አልገባም።

ጥያቄ፦ ስልኬ ባንጎራጎርኳቸው ዜማዎች ተሞልቷል። የትኛውን ላሳድግ?

ቅጂውን ሳትከፍት ከቀናት በኋላም በቃልህ የሚመጣልህን። ኮምፒውተር ከመክፈትህ በፊት በአንድ ጊታር ወይም ኪቦርድ ብቻ ከመግቢያው እስከ መጨረሻው ዝፈነው። እዚያ ላይ አዝማቹ ካልያዘህ ከበሮና ባስ ስለተደረበበት አይድንም። ኪዩንም (ዜማው የሚዘፈንበትን ከፍታ) ያኔውኑ ወስን። ሰው እንዳይሰማህ በለሆሳስ ያንጎራጎርከው ዜማ፣ ድምፅህን ለቀህ ስትዘፍነው ብዙ ጊዜ ዝቅ ይልብሃል። ቅንብሩ ካለቀ በኋላ ኪይ መቀየር ማለት ግን ከሞላ ጎደል እንደገና መቅዳት ነው።

ጥያቄ፦ ክሊክ (ሲቀዳ በጆሮ ምቱን የሚቆጥር ድምፅ) ግድ ነው?

በጊታር ብቻህን ለምትዘፍነው አይደለም። ሌላ ነገር የሚደረብበት ከሆነ አዎ።

ጥያቄ፦ መጀመሪያ ምን ይቀዳ? ድምፄን ላስቀድም?

መጀመሪያ መሪ ቅጂ፣ ማለትም ጊታርና ድምፅ በክሊክ፣ ለሌሎቹ መንገድ ማሳያ ብቻ የሚሆን። ከዚያ ከበሮ፣ ባስ፣ ማጀቢያው፤ ዋናው ድምፅ መጨረሻ ላይ። መሪ ቅጂውን ግን እንዳታጠፊው፣ እህቴ። ማንም አይሰማውም ብለሽ የዘፈንሽው ስንኝ ተጠንቅቀሽ ከዘፈንሽው የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ብሩስ ስፕሪንግስቲን እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጣው «ነብራስካ» የተባለው አልበም፣ ለባንዱ ማሳያ እንዲሆን ቤቱ በባለ አራት ትራክ የካሴት መቅጃ የቀዳው ነበር። ከባንዱ ጋር ሲሞክሩት የመጀመሪያው ስሜት ስላልመጣ ያው የቤት ቅጂ ታተመ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ድምፄ ባዶ አዳራሽ ውስጥ የተቀዳ ይመስላል። የተሻለ ማይክ ልግዛ?

ቆይ፣ አትግዛ። ጥፋቱ የክፍሉ ነው፤ የተሻለ ኮንደንሰር (ጥቃቅን ድምፅ ሳይቀር የሚይዝ) ማይክ ብትገዛ ያንኑ ክፍል አጥርቶ ይቀዳልሃል። ካርዲዮይድ የሚባለው ማይክ በደንብ የሚሰማው ከፊቱ ያለውን ነው። ፊቱ ያለኸው አንተ ብትሆንም ከጀርባህ ያለው ግድግዳም አለ፤ ድምፅህ ዞሮ ዞሮ ከዚያ ተመልሶ ይገባል። ስለዚህ ወፍራሙን ብርድ ልብስ የምትሰቅለው ከጀርባህ ነው። ብዙ ሰው ከማይኩ ጀርባ ብቻ ይሰቅልና «ለውጥ የለውም» ይላል። ልብስ የሞላው ቁም ሣጥን ከፍተህ ጀርባህን ሰጥተኸው መዝፈንም ያግዛል። ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን የእንቁላል ካርቶን ተወው፣ ለጌጥ ካልሆነ።

ርቀቱን ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር አድርገው። በጣም ከተጠጋህ እንዲህ ዓይነቱ ማይክ ወፍራሙን ድምፅ ያጎላዋል፤ ለሹክሹክታ ያምራል፣ ለጩኸት ያደናግራል።

ጥያቄ፦ ሌቭሉ (የሚቀዳው ድምፅ መጠን) የት ይሁን?

ፕሮግራሙ ላይ 24 ቢት የሚለውን ጥራት መርጠህ ቅዳ፤ ከፍተኛው ጩኸትህ መለኪያው ላይ ከዜሮ (ከጫፉ) በታች 10 ዲሲቤል አካባቢ ይምታ። ቀይ ላይ ደርሶ የተሰባበረ ድምፅ በወጉ አይጠገንም፤ ያነሰውን ግን ኋላ ከፍ ታደርገዋለህ።

ጥያቄ፦ ስዘፍን ድምፄ ሄድፎኑ ላይ ዘግይቶ ይመጣል።

በመቅጃ ፕሮግራሙ ማስተካከያ ውስጥ በፈሩን (ኮምፒውተሩ ድምፁን አጠራቅሞ የሚያቆይበትን መጠን) ወደ 128 ሳምፕል አውርደው፤ በ48 ኪሎ ኸርዝ ይህ 3 ሚሊ ሰከንድ አይሞላም። ሚክስ (የተቀዱትን ድምፆች ማመጣጠን) ላይ ፕላግኢን (ድምፅ የሚያስተካክል ተጨማሪ ፕሮግራም) ሲበዛና ኮምፒውተሩ ሲንተፋተፍ ወደ 1024 መልሰው። የብሉቱዝ ሄድፎን ከሆነ ግን የሚስተካከል አይደለም፣ ባለ ገመድ ተጠቀም።

ጥያቄ፦ ሚክስ ላይ ድምፄ ይዋጣል። ከፍ ሳደርገው ደግሞ ከላይ የተለጠፈ ይመስላል።

በብዛት የምሰማው ይሄኛውን ነው፤ ብዙ ጊዜም ችግሩ የቅንብር ነው። ስንኙ ላይ ኪቦርዱ ምን ይሠራል? ከድምፅሽ ጋር በአንድ ከፍታ የሚጫወት ከሆነ ወይ አንድ ኦክታቭ ከፍ አድርጊው ወይ ዝም አሰኚው። ለአዝማቹ ሲመለስ አዝማቹ ራሱ ይሰፋል።

ቀጥሎ ፕላግኢኑን ሁሉ አጥፍተሽ፣ በሞኖ (ግራና ቀኙ ሳይለይ)፣ በፌደር (ድምፅ መጨመሪያና መቀነሻው) ብቻ አመጣጥኚ። ከዚያ በኢኩላይዘር (ወፍራምና ቀጭን ድምፁን ለይቶ በሚጨምርና በሚቀንስ) ከድምፅሽ ላይ ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጪ፤ ከጊታሩና ከኪቦርዱ ደግሞ ከ200 እስከ 400 ኸርዝ ካለው መሃል ጥቂት ቀንሺ፣ ድምፁን የሚያደበዝዘው ጭቃ የሚከማቸው እዚያ ነው። ኮምፕረሰሩን (ጩኸቱንና ዝቅታውን የሚያቀራርበውን) ከማጥበቅሽ በፊት የሚጠፉትን ቃላት አንድ በአንድ በእጅሽ ከፍ አድርጊ። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ሙያተኞቹም ይሠሩታል።

ጥያቄ፦ ሄድፎን ላይ ያማረው ባስ ስልክ ላይ የለም።

የስልክ ስፒከር ዝቅተኛውን ድምፅ አያወጣም። ባሱ ላይ ትንሽ ዲስቶርሽን (ድምፁን ማሻከር) ጨምር፤ ከላይ የሚፈጠሩትን ሃርሞኒኮች (ቀጠን ያሉ ተከታይ ድምፆች) ጆሮ ይዞ ባሱን ይገምተዋል። ሌላው፣ ጆሯችን በዝቅተኛ ድምፅ ባስን አሳንሶ ይሰማል፤ ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን በ1933 (እ.ኤ.አ.) ለክተውታል። ስለዚህ ጮክ አድርገህ ብቻ ሚክስ ካደረግህ፣ ቀስ ተብሎ ሲሰማ ባሱ ያንስብሃል። የምትወደውን ያለቀ ዘፈን በእኩል ጩኸት አጠገቡ አስቀምጠህ አወዳድር።

ጥያቄ፦ ጩኸቱ −14 ሉፍስ (የዘፈን አጠቃላይ ጩኸት መለኪያ) መሆን አለበት?

ግዴታ አይደለም። ስፖቲፋይ በመደበኛ ቅንብሩ ወደዚያ ያስተካክለዋል፤ ከዚያ በላይ ያጮህከውን ይቀንሰዋል። ከጫፉ (ከዜሮ) በታች 1 ዲሲቤል ብቻ ተውለት።

ጥያቄ፦ መቼ ነው አለቀ የሚባለው?

ስክሪኑን አጥፍተህ እያዳመጥህ የሚረብሽህን ወረቀት ላይ ጻፍ። የዛሬው ዝርዝር የትናንቱን የሚሽር ብቻ ሲሆን አቁም። ባለ 24 ቢት ዌቭ (ያልተጨመቀ የድምፅ ፋይል) አውጣ፤ በዚያው ቀን የዘፋኙ ድምፅ የሌለበትን፣ ሙዚቃው ብቻ ያለበትንም ቅጂ አውጣ፣ ከወራት በኋላ ለመድረክ ሲፈለግ ፕሮጀክቱ አልከፈት ሊል ይችላል።