ስለ አሳንሰር ጥገና ሥራ ጠይቁኝ

ባሕር ዳር ውስጥ አሳንሰር እገጥማለሁ፣ እጠግናለሁ። ሥራውን መጀመር የምትፈልጉ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ መልሶቹ እነሆ።

ዲግሪ የግድ ነው?
የለም። ከፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ በኤሌክትሪክ ተመርቀህ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ካለፍክ ለመነሻ ይበቃሃል። ረዳት ሆነህ ግባ። መጀመሪያ ላይ ደሞዙ አያጠግብም፣ ቻለው።

ወንድሜ፣ እኔ የቤት ኤሌክትሪክ እሠራለሁ። ምን ይጎድለኛል?
ስሪ ፌዝ (ባለ ሦስት መስመር ኤሌክትሪክ)፣ የሞተር ቁጥጥር፣ ከሁሉም በላይ ዲያግራም ማንበብ። የየፎቁ በር ቁልፍ፣ ከካቢኑ ሥር ያለው የጉድጓዱ ማቆሚያ ስዊች፣ የጋቨርነሩ (የፍጥነት ጠባቂው) ስዊች በአንድ መስመር ተከታትለው ነው የተያያዙት። አንዱ ከተከፈተ ካቢኑ ንቅንቅ አይልም። «አሳንሰሩ ሞተ» ተብለህ ስትጠራ አብዛኛውን ጊዜ ጣጣው በር ላይ ነው። በሩ የሚንሸራተትበት ቦይ ውስጥ የቢራ ቆርኪ ይገባል፤ በሩ ለጥቂት ሳይገጥም ይቀራል፤ ቁልፉም አይነካካም። በቃ! ይኼኔ በስንት ብር ቦርድ የሚያስቀይር ባለሙያ አለ። አንተ መጀመሪያ መጥረጊያ አንሣ።

እናቴ «ገመዱ ቢበጠስስ?» እያለች ከለከለችኝ።
ካቢኑን የሚይዙት ብዙ የብረት ገመዶች ናቸው በልልኝ። ከልክ በላይ ከፈጠነም ጋቨርነሩ መንከሻውን ያስነሣና ካቢኑ ሐዲዱን ነክሶ ይቆማል። ኤሊሻ ኦቲስ የተባለ አሜሪካዊ በአውሮፓውያን 1854 ኒውዮርክ ውስጥ ራሱ አሳንሰር ላይ ቆሞ ገመዱን አስቆርጦ፣ መውደቂያ መያዣው እንደሚሠራ ለሕዝብ አሳይቷል።

እናትህ መፍራት ያለባት ሌላ ነገር ነው። የበር ቁልፍን በሽቦ ጃምፐር አድርጎ (በሩ ክፍት ሆኖም ካቢኑ እንዲሄድ አገናኝቶ) የሚረሳ ባለሙያ አለ። ማጥፊያውን ሳይቆልፍ ጉድጓድ የሚገባም አለ። ኢንቨርተር (የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው መሣሪያ) ደግሞ ከጠፋ በኋላም ለደቂቃዎች ኃይል ይዞ ይቆያል፤ ሳትለካ እጅህን አትስደድ። አለቃህ በዚህ የሚቀልድ ከሆነ ሌላ አለቃ ፈልግ።

ሴት ነኝ፣ ጉልበት አይጠይቅም?
ሞተር በክንዱ የሚያነሣ ወንድ አላየሁም፤ ቼን ብሎክ (በሰንሰለት የሚሠራ ማንሻ) ነው የሚያነሣው። ነይ።

እዚህ ሥራ አለ ወይስ አዲስ አበባ ልግባ?
ፎቁም አስመጪውም እዚያ ይበዛል፤ ልምድ ለመቅሰም ብትሄድ ክፋት የለውም። ግን መብራት ጠፍቶ እንግዳው የተቆለፈበት ሆቴል ከአዲስ አበባ ሰው እስኪመጣ አይጠብቅም። የእኛን ከተማ ጠባይ ማወቅም ዋጋ አለው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የሞተር አቅም ግን በተለምዶ የሚተመነው እስከ 1,000 ሜትር ላለ ቦታ ነው። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ በደንብ አይቀዘቅዝም። የሚያዝያ ሙቀት ሲጨመርበት፣ የማሽን ክፍሉ መስኮት ተደፍኖ ካገኘህ መጀመሪያ እሱን አስከፍት።

መጀመሪያ ምን መሣሪያ ልግዛ?
መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ)። ርካሹን ተወው።