ቢልድ ብቻ ባደርገው ምን አለው?

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጠይቀዋል፦ «ከማላውቀው ደንበኛ በኖድ (ጃቫስክሪፕትን በሚያስኬደው ፕሮግራም) የተሠራ ፕሮጀክት በዚፕ ተላከልኝ። የሥራውን ክብደት ለመገመት ቢልድ ላደርገው (ከምንጭ ኮዱ የሚሠራ ፕሮግራም ላወጣ) አስቤ፣ ለጥንቃቄ ብዬ በመጀመሪያ ሜክ የተባለውን የቢልድ መሣሪያ ትዕዛዞቹን ሳይፈጽም አሳይቶ ብቻ በሚያልፈው የኤን (-n) አማራጭ አስኬድኩት። የሚያስፈራ ነገር አላየሁም። ፕሮግራሙን ራሱን እስካላስነሳሁት ድረስ ቢልድ ባደርገው ችግር አለው?»

አዎን፣ ችግር አለው። ቢልድ ማድረግ ማለት ፕሮጀክቱን ያዘጋጀው ሰው የጻፋቸውን ትዕዛዞች በእርስዎ ኮምፒውተር ላይ በእርስዎ ፈቃድ ማስፈጸም ነው። ተንኮል ያሰበ ሰው ፕሮግራሙ እስኪነሳ የሚጠብቅበት ምክንያት የለውም።

የኤን አማራጭም ቢሆን ብዙዎች የሚያምኑትን ያህል አይከላከልም። በሜክፋይል (የሜክ ትዕዛዞች በሚጻፉበት ፋይል) ውስጥ «ሼል» የተባለው ፈንክሽን := በተባለው ምልክት ለአንድ ተለዋዋጭ ዋጋ ለመስጠት ከተጻፈ፣ ትዕዛዙ የሚፈጸመው ፋይሉ ገና ሲነበብ ነው። የቨርዥን ቁጥርን ከጊት (የኮድ ለውጦችን ከሚመዘግበው መሣሪያ) ጠይቆ የሚያመጣ እንዲህ ያለ መስመር የተለመደና ንጹሕ ነው፤ በዚያው መስመር ጫፍ ላይ ስክሪፕት አውርዶ የሚያስኬድ ትዕዛዝ ቢቀጠልበት ግን ኤን አያስቆመውም፣ በስክሪኑ ላይም ላይታይ ይችላል። በመደመር ምልክት የሚጀምሩ የትዕዛዝ መስመሮችም ከኤን ጋር እንኳ ይፈጸማሉ። ስለዚህ ሜክፋይሉንና እርሱ የሚጠራቸውን ሌሎች ፋይሎች በተራ የጽሑፍ ማንበቢያ ከፍተው እነዚህን ይፈልጉ። አጠራጣሪ ነገር ካገኙ ትዕዛዙ ተፈጽሟል ብለው ይቁጠሩ፤ በዚያ ማሽን ላይ የነበሩትን ቶክኖች (እንደ ይለፍ ቃል የሚያገለግሉ ኮዶች) እና የኤስኤስኤች (የርቀት መግቢያ) ቁልፎች ከሌላ ንጹሕ ማሽን ሆነው ይሰርዙና ይተኩ።

ወደ ኖድ ስንመጣ፣ ኤንፒኤም የተባለው የኖድ መጫኛ ፓኬጆችን (ሌሎች ያዘጋጇቸውን የኮድ ጥቅሎች) ሲጭን «ፕሪኢንስቶል» እና «ፖስትኢንስቶል» የሚባሉትን ስክሪፕቶች በራሱ ያስኬዳል፤ ይህም የፕሮጀክቱን ብቻ ሳይሆን ፕሮጀክቱ የሚጠቀምባቸውን ፓኬጆች ሁሉ ይጨምራል። «ኢግኖር-ስክሪፕትስ» የተባለው አማራጭ ይህንን በር ይዘጋል። የማይዘጋው በር ግን አለ፦ ዌብፓክና ቫይት የተባሉት የቢልድ መሣሪያዎች የማዋቀሪያ ፋይሎች ብዙውን ጊዜ ራሳቸው የጃቫስክሪፕት ፕሮግራሞች ስለሆኑ፣ የቢልድ ትዕዛዙን እንደሰጡ በሙሉ ይፈጸማሉ። በሎክ ፋይሉም (የሚጫኑት ፓኬጆች ከነቨርዥናቸው በተመዘገቡበት ፋይል) ላይ የእያንዳንዱን ፓኬጅ ማውረጃ አድራሻ ይመልከቱ፤ ስሙ የታወቀ ሆኖ ከማይታወቅ አድራሻ የሚወርድ ፓኬጅ ካለ ሥራውን እዚያው ያቁሙ።

በሌሎች ቋንቋዎችም ነገሩ ያው ነው። ፒፕ የተባለው መጫኛ የፓይተን ፓኬጅን ከምንጭ ኮዱ ሲጭን ሴትአፕ ዶት ፓይ የተባለውን ፋይል ሊያስኬድ ይችላል፤ ረስት ቢልድ ዶት አርኤስን ያስኬዳል፤ ግሬድል የተባለው የቢልድ መሣሪያ ፋይል ደግሞ ራሱ ፕሮግራም ነው።

ፎልደሩን በኤዲተር መክፈትም ከዚህ የተለየ ተደርጎ መታየት የለበትም፤ ብዙ ኤዲተሮች ኮዱን ለመረዳት ሲሉ የቢልድ መሣሪያውን ከጀርባ ያስነሳሉ። ቪኤስ ኮድ ፎልደሩን ያምኑት እንደሆነ ሲጠይቅዎ አላምነውም ይበሉት። እ.ኤ.አ. በጥር 2021 ጎግል ይፋ እንዳደረገው፣ ከሰሜን ኮሪያ ጋር የተያያዙ ጠላፊዎች ለደኅንነት ተመራማሪዎች የቪዥዋል ስቱዲዮ ፕሮጀክት እየላኩ በቢልድ ወቅት በሚፈጸም ትዕዛዝ ማሽኖቻቸውን ለመቆጣጠር ሞክረዋል። ዒላማዎቹ ሙያቸው ጥርጣሬ የሆነ ሰዎች እንደነበሩ ልብ ይሏል።

«ታዲያ ፋይሎቹን ሁሉ ባነብስ?» ቢሉ፣ ማንበብ ይጠቅማል፣ ግን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 በኤክስዚ (ፋይሎችን በሚጨምቀው) ላይብረሪ ቨርዥን 5.6.0 እና 5.6.1 የተገኘው የተደበቀ በር የሚነሳው በቢልድ ወቅት ከሚሠራ አንድ የኤም4 (የቢልድ ማዘጋጃ ስክሪፕት) ፋይል ነበር። ያ ፋይል በጊት ማከማቻው ላይ ሳይኖር ለማውረድ በተዘጋጀው የታሸገ ፋይል ውስጥ ብቻ ተገኘ፤ ዋናው ተንኮል ደግሞ የመፈተኛ ናሙና መስለው በተቀመጡ የተጨመቁ ፋይሎች ውስጥ ተሸሽጎ ነበር። የሶፍትዌር ኢንጂነሩ አንድሬስ ፍሮይንድ የደረሰበት የኤስኤስኤች መግቢያ ከወትሮው መዘግየቱን ተከታትሎ ነው።

ስለዚህ ዋናው መከላከያ ቢልዱ የሚሠራበት ቦታ ነው፤ የሚሰረቅ ነገር የሌለበት፣ ሥራው ሲያልቅ የሚጣል ማሽን ያዘጋጁ። ላኪውን ፈጽሞ ካላወቁት ቨርችዋል ማሽን (በኮምፒውተርዎ ውስጥ ራሱን ችሎ የሚሠራ ሌላ ኮምፒውተር) ይምረጡ፤ ኮንቴይነር የተባለው ቀለል ያለ ማግለያ ከርነሉን (የሥርዓተ ክወናውን እምብርት) ከዋናው ማሽን ጋር ስለሚጋራ መከላከያው የሳሳ ነው። የቤት ፎልደርዎን፣ የኤስኤስኤች ቁልፎችን የሚይዘውን ኤጀንትና የዶከርን (የኮንቴይነር ማስተዳደሪያውን) ሶኬት፣ ማለትም ትዕዛዝ የሚቀበልበትን በር፣ ወደ ውስጥ አያስገቡ፤ የዶከር ሶኬቱን መስጠት ዋናውን ማሽን ከነቁልፉ እንደ ማስረከብ ነው። ከዚያ ሥራውን ለሁለት ይክፈሉት። በመጀመሪያ ኔትወርኩ ክፍት ሆኖ፣ ስክሪፕቶች ተዘግተው፣ ፓኬጆቹን ብቻ ያውርዱ። ቀጥሎ ኔትወርኩን ሙሉ በሙሉ ቆርጠው ቢልድ ያድርጉ። አንዳንድ ንጹሕ ፓኬጆችም በዚህ ጊዜ ሊከሽፉ ይችላሉ፤ መክሸፉ ግን የትኛው ፓኬጅ ወደ ውጭ ለመውጣት እንደፈለገ ስለሚያሳይዎት ምርመራዎን ከእርሱ ይጀምሩ። ከቢልዱ የወጣውን ፋይልም ወደ ዋናው ማሽንዎ አምጥተው አያስነሱት።

በኋላ ፕሮጀክቱን ተቀብለው በጊትሃብ አክሽንስ (የኮድ ማከማቻው ጊትሃብ ሥራዎችን በራሱ በሚያስኬድበት አገልግሎት) ቢልድ እንዲሆን ካደረጉ፣ ከውጭ ሰው የመጣ ለውጥ ቢልድ በሚደረግበት ሥራ ውስጥ ምንም ሚስጥራዊ ቁልፍ አያስቀምጡ፤ የሥራውን ቶክንም ለማንበብ ብቻ ይፍቀዱለት። የሌሎችን አክሽኖች (የተዘጋጁ የሥራ ቅንጣቶች) ሲጠሩ በታግ (ለአንድ ቨርዥን በሚሰጥ ስም) ፈንታ በሙሉው ባለ 40 ፊደል የኮሚት (የተመዘገበ የኮድ ለውጥ) መለያ ይጥሩ፤ ታግ ባለቤቱ ወይም የባለቤቱን አካውንት የሰረቀ ሰው በፈለገ ጊዜ ወደ ሌላ ኮድ ሊያዞረው ይችላል።