«ጥቁሮቹ» የምንላቸው እነማንን ነው?

አሜሪካ እንደገባሁ የመጀመሪያውን ምክር የሰጠኝ አንድ ታክሲ ነጂ የአገሬ ልጅ ነው። ከኤርፖርት ሲወስደኝ በመስኮት እያሳየኝ፣ «እዚህ ሰፈር ያሉት ጥቁሮቹ ናቸው፤ ቤት እንዳትከራይ» አለኝ። ይህን ሲለኝ የእሱም የእኔም ፊት ከተቆላ ቡና ብዙም አይለይም ነበር። ሁለታችንም ግን ነገሩ አላሳቀንም።

በተራዬ ታክሲ ስነዳ እኔም ለስንቱ አዲስ ገቢ ያንኑ ምክር ደገምኩት። ከሠላሳ ምናምን ዓመት በኋላ ሌላ ምክር ይዤ መጥቻለሁ። ስለ ዘረኝነት የተሠሩ ፊልሞችን መርጣችሁ እዩ። ብቻችሁን አይደለም፣ ከልጆቻችሁ ጋር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን ያስተማረኝ ልጄ ነው። አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። ማታ ቅርጫት ኳስ ተጫውቶ ሲመለስ ፖሊስ አስቆመው። እጁን መኪና ላይ አስደግፈው ፈተሹት። የሚፈልጉት ሌላ ሰው እንደሆነ ነግረው ለቀቁት። ቤት ገብቶ ሲያወራኝ ከአፌ የወጣው ምን መሰላችሁ? «ሐበሻ ነኝ አትላቸውም ነበር?» ልጁ ትክ ብሎ አየኝ። «አባዬ፣ ፖሊሱ ሐበሻ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ይመስልሃል?» ብሎኝ ወደ ክፍሉ ገባ።

ቅዳሜ ማታ «ና ተቀመጥ» አለኝና «ፍሩትቬል ስቴሽን»ን ከፈተ። የ2013 ፊልም ነው። ኦስካር ግራንት የሚባል የ22 ዓመት ልጅ በ2009 አዲስ ዓመት ሌሊት ኦክላንድ ውስጥ ባቡር ጣቢያ ላይ በደረቱ እንደተኛ በፖሊስ ጥይት መመታቱን ታውቁ ይሆናል። ፊልሙ የሚያሳየው የመጨረሻ ቀኑን ነው። የእናቱን ልደት ያከብራል፣ ትንሿን ልጁን ያጫውታል። ማታ ሊወጣ ሲል እናቱ «መኪና አትንዳ፣ በባቡር ብትሄድ ይሻላል» ትለዋለች። እዚህ ጋ ስደርስ ተነሥቼ ወጥ ቤት ገባሁ። ውሃ የጠማኝ መስዬ።

«ይህ የእነሱ ጉዳይ ነው፣ እኛን አይመለከትም» የሚሉኝ ወዳጆች አሉኝ። ለነሱ ሁልጊዜ የሙሉጌታ ሥራውን ታሪክ እነግራቸዋለሁ። ለትምህርት የመጣ የኛ ልጅ ነው። በኖቬምበር 1988 በኦሪገን ግዛት፣ ፖርትላንድ ከተማ፣ ጸጉራቸውን የተላጩ ሦስት ነጭ ዘረኞች በቤዝቦል ዱላ መትተው ገደሉት። በ1990 ገዳዮቹን ባነሣሡት የድርጅት መሪዎች ላይ ሳይቀር የ12.5 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ተፈረደ። ዱላው ከመሰንዘሩ በፊት የየት አገር ሰው እንደሆነ የጠየቀው የለም።

ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማም በ1970ዎቹ ሎስ አንጀለስ ውስጥ የፊልም ተማሪ ሳሉ ይህንኑ ቀምሰውታል። «ቡሽ ማማ»ን ሲቀርጹ ካሜራ የያዙ ጥቁሮችን ያየ ፖሊስ እሳቸውንና ባልደረቦቻቸውን አስቁሞ ፈተሻቸው። ካሜራው ግን እየቀዳ ነበር። ያ ቀረጻ ዛሬ የፊልሙ መክፈቻ ነው፤ ትወና የለበትም። ጎንደሬነታቸውን ማን ጠየቃቸው?

አሁን ወደ ምርጫው። አንድ ፊልም ብቻ ምረጥ ብትሉኝ የስፓይክ ሊን «ዱ ዘ ራይት ቲንግ» እላለሁ። 1989 የወጣ ነው። በተለይ ሱቅ፣ ሊከር ስቶር ወይም ምግብ ቤት ላላችሁ ሰዎች ነው የምለው። ብሩክሊን ውስጥ፣ ሙቀቱ ሰው በሚያሳብድበት ቀን፣ ሳል የሚባል ጣሊያናዊ አሜሪካዊ በጥቁሮች ሰፈር ፒዛ ይሸጣል። ግድግዳው ላይ የሰቀለው የጣሊያን ዘር ያላቸውን ዝነኞች ብቻ ነው። አንድ ጎረምሳ ደንበኛ «እኛ እየገዛንህ ለምን የኛ ሰው ፎቶ የለም?» ይላል። ሳል ሱቁ የራሱ መሆኑን ይነግረዋል። በዚች ፎቶ የተጀመረ ነገር እየከረረ ሄዶ፣ ማታ ፖሊስ አንድ ወጣት አንቆ ይገድላል፤ ፒዛ ቤቱም ይቃጠላል። በ2014 ኤሪክ ጋርነር የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ በፖሊስ ሲታነቅ በቪዲዮ ያየን ሰዎች፣ ስፓይክ ሊ ከሃያ አምስት ዓመት በፊት አሳይቶን እንደነበረ ገባን።

እዚያው ፊልም ላይ ፊት ለፊት ግሮሰሪ ያላቸው ኮሪያውያን ባልና ሚስት አሉ። የተቆጣው ሰው ወደነሱ ሲዞር ባልየው መጥረጊያ ይዞ «እኔም ጥቁር ነኝ! እኔም እንደናንተ ነኝ!» እያለ ይጮኻል። ሰፈሩ ይስቃል፣ ሱቁም ይተርፋል። ይህን ትዕይንት ሱቅ ካለው ጓደኛዬ ጋር ስናይ ሁለታችንም ዝም አልን። ኮሪያዊው በጭንቅ ሰዓት «ጥቁር ነኝ» ይላል። እኛ በደህናው ጊዜ እንኳን አንልም።

ዋሽንግተን ያላችሁ ይህ የፎቶ ጠብ አዲስ አይሆንባችሁም። በ2005 የኛ ነጋዴዎች የ9ኛው ጎዳናና የዩ ስትሪት አካባቢ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ እንዲሰየም ጠይቀው ነበር። የሰፈሩ ጥቁር አሜሪካውያን ተቃወሙ። እኛም «ቀኑብን» አልን። የጃዙ ሊቅ የዱክ ኤሊንግተን ሰፈር፣ «ጥቁር ብሮድዌይ» ይባል የነበረ ጎዳና መሆኑን ስንቶቻችን እናውቅ ነበር? ያኔ እኔም ከቀኑብን ባዮቹ አንዱ ነበርኩ።

ለትንንሽ ልጆች ግን እነዚህን አታስጀምሯቸው። «ሂድን ፊገርስ» ይሻላል። በናሳ ስለሠሩ ሦስት ጥቁር የሒሳብ ሴቶች ነው። ሴት ልጄ አራት ጊዜ አይታዋለች። አንድ ነገር ብቻ ንገሯቸው። ነጩ አለቃ የመጸዳጃ ቤቱን ምልክት የሚሰብርበት ትዕይንት ፈጠራ ነው። ከሦስቱ አንዷ የሆነችው ካትሪን ጆንሰን ራሷ የነጮቹን መጸዳጃ ቤት ማንንም ሳትጠይቅ ትጠቀም እንደነበር ተናግራለች። ሆሊውድ ደግ ነጭ ጣልቃ ካልገባ ታሪኩ የሚያልቅ አይመስለውም። ልጆች ይህን አንዴ ካወቁ በኋላ በየፊልሙ እየለቀሙ ያሳዩዋችኋል።

ጎረምሶች ካሉ እነሱ ይምረጡ። የኔ ልጅ የመረጠው «ጌት አውት»ን ነው። ጆርዳን ፒል በ2017 ሠርቶ በድርሰቱ ኦስካር ያገኘበት አስፈሪ ፊልም ነው። እኔ አስፈሪ ፊልም አልወድም፣ ግማሹን በትራስ ተሸፍኜ ነው ያየሁት። ጥቁሩ ወጣት ሊተዋወቀው የሄደው የፍቅረኛው ነጭ አባት «ኦባማ ለሦስተኛ ጊዜ ቢወዳደር እመርጠው ነበር» ሲል ግን ትራሱን ጣልኩ። መሥሪያ ቤት ስንቴ ሰምቻታለሁ! «እንግሊዝኛህ እንዴት ጥሩ ነው» ከሚሉኝ ሰዎች አፍ።

እያያችሁ አታስተምሩ። ይህን በተለይ ለአባቶች ነው የምለው። ፊልሙን አቁሞ ስለ አድዋ ንግግር ማድረግ ያምረናል። ተዉት፣ ይደርሳል። ካለቀ በኋላ «እንዲህ ያለ ነገር ትምህርት ቤት ደርሶብሽ ያውቃል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ከዚያ አፋችሁን ዝጉ። የኔዋ ከመለሰችልኝ ውስጥ ግማሹን ጨርሶ አላውቅም ነበር።

«ሰልማ»ን ያየ ሰው ደግሞ እኛ በየት በር እንደገባን ይገባዋል። ማርቲን ሉተር ኪንግ የታገሉለት፣ ሰልፈኞቹም ድልድይ ላይ የተደበደቡለት የምርጫ መብት ሕግ በኦገስት 1965 ጸደቀ። በሁለት ወር ውስጥ ደግሞ ሰውን በትውልድ አገሩ እየመዘነ አፍሪካውያንን በር ላይ ያስቀር የነበረው የኮታ ሕግ ተሻረ። ሁለቱንም የወለደው የዚያ ዘመን ትግል ነው። በኋላ የመጣው ዲቪ የቆመው በዚያ መሠረት ላይ ነው። «ጥቁሮቹ ሰፈር እንዳትከራይ» ስንባባል ማን በሩን እንደከፈተልን ትዝ አይለንም።

የኃይሌ ገሪማን «ሳንኮፋ» ለመጨረሻ ያቆየሁት ስለሚከብድ ነው። ግርፋትና መደፈር አለበት፤ ከአሥራ አምስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሆንም። በ1993 ሲወጣ አከፋፋዮች አልፈልግም ስላሉ፣ እሳቸውና ባለቤታቸው አዳራሽ እየተከራዩ ከከተማ ከተማ ይዘውት ዞሩ። በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት ጆርጂያ አቬኑ ላይ የከፈቱት መጻሕፍት ቤትና ካፌም በዚያው ስም ይጠራል። ፊልሙ ላይ ፎቶ ልትነሣ ጋና የባሪያ ምሽግ የሄደች ሞዴል፣ ድንገት ወደ ኋላ ተወስዳ እርሻ ላይ ባሪያ ሆና ትገኛለች። እኔን የያዘኝ ግን ጆ የሚባለው ነው። ክልስ ነው። እናቱ አፍሪካዊት ናት። «እኔ እንደነሱ አይደለሁም» እያለ እናቱን ይሸሻል። መጨረሻውን አልነግራችሁም።

ከዚህ ፊልም በኋላ በልጅነት ስንሰዳደብበት የነበረው «ባሪያ» የሚለው ቃል ጆሮዬ ላይ ሌላ ሆነ። በአገራችን ባርነት በሕግ የተሻረው በ1942 ነው። አያቶቻችን በሕይወት እያሉ ማለት ነው። ልጆቻችሁ ስለዚህ ይጠይቋችኋል። ሲጠይቁ «እኛ ጋ እንዲህ አልነበረም» ብላችሁ አትዋሹ።

አያት ልትጠይቃችሁ ከመጣች የዚያኑ የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» ክፈቱላት። አብዛኛው አማርኛ ነው። አገር ቤቱ አለ፣ ደርጉ አለ፣ ጀርመን ውስጥ ዘረኞች የሚያደርሱት ጉዳትም አለ። አማቴ ፀጥ ብለው አይተው ሲጨርሱ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «አንተንስ መትተውህ ያውቃሉ?» አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው እዚህ፣ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ሱቅ ያለው ጓደኛዬ እስካሁን ሳል ጥፋተኛ አይደለም ባይ ነው። «የራሱ ግድግዳ ነው፣ ያሻውን ይስቀል» ይላል። ሴት ልጁ ደግሞ ከአባቷ ጋር በዚህ ጉዳይ አትነጋገርም። ለመጪው ቅዳሜ ሁለቱንም ቤቴ ጠርቼያቸዋለሁ። ያንኑ ፊልም ነው የምንደግመው።