ኪሴ ውስጥ የቀረች ማስታወቂያ

ባለፈው እሑድ የጎረቤቴ ልጅ ከእናቷ ጋር ቡና ልትጠጣ እኛ ቤት መጥታ ነበር። አምና በአካውንቲንግ ተመርቃለች። የመውጫ ፈተናውንም አልፋለች፣ ሥራ ግን እስካሁን የለም። ሴቶቹ ጨዋታ ሲይዙ በርጩማዋን ወደ እኔ ሳብ አደረገችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ግን እንዳይታዘቡኝ» አለችኝ።

ቴሌግራም ላይ ጥሩ ማስታወቂያ አግኝታለች። የሥራው ቦታ እዚሁ ጅማ ነው፣ ዜሮ ዓመት ልምድ ይላል። አብረዋት የተመረቁ ሁለት ጓደኞች አሏት፤ እነሱም ሥራ ፈላጊ ናቸው። «ልላክላቸው ወይስ እኔ አመልክቼ ቀኑ ሲያልፍ ልንገራቸው?» ነው ጥያቄዋ።

«ቡናሽ እንዳይቀዘቅዝ» ብቻ ነው ያልኳት። የምመልሰው ጠፍቶኝ አይደለም። መልሱን ካወቅኩት ሃያ ዓመት አልፎኛል። ከአፌ አልወጣ ስላለኝ ነው። ማታም እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ለእሷም ለእናንተም እዚህ ልጻፈው።

ጊዜው 1997 ዓ.ም. ነው። ጅማ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል እሠራ ነበር። ዲፕሎማ አለኝ፣ የአሥራ አራት ዓመት ልምድ አለኝ፣ ሦስት ልጆች አሉኝ። ፊት ለፊቴ ባለው ጠረጴዛ በስምንት ዓመት የምበልጠው ባልደረባ ይቀመጣል። ሲቀጠር ሥራውን ያስለመድኩት እኔ ነኝ። ቫውቸር አያያዝ፣ ባንክ ማስታረቅ፣ ወር መዝጋት፣ ሁሉንም። ጎበዝ ልጅ ነበር። ማታ ማታ ተምሮ በዚያው ዓመት ዲግሪውን ያዘ። አጋሮ ያሉ ሁለት ታናናሾቹን ያስተምራል፣ ሚስቱ ደግሞ ነፍሰ ጡር ነበረች።

ሁለታችንም የተሻለ ሥራ እንፈልግ ነበር። ያኔ ጅማ ላለ ሰው ሥራ መፈለግ ማለት ጋዜጣ መጠበቅ ነው። ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነን፣ መንገዱ ግን ቀኑን ሙሉ ይፈጅ ነበር። ሪፖርተርም ሆነ አዲስ ዘመን እጃችን ሲገባ ማመልከቻው ሊዘጋ አንድ ሁለት ቀን ቀርቶት የምናገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ጋዜጣውን ግማሽ በግማሽ አዋጥተን እንገዛለን። ስምምነታችን አጭር ነበር፤ ቀድሞ ያየ ለሌላው ያሳያል። ሦስት ዓመት ያህል እንደዚያ ኖርን።

ከዚያ ኢንተርኔት ቤት መጣ። የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው በ1992 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ከሆኑ ወዲህ ከተማው በተማሪ ሞልቶ ነበርና አንድ ሁለት ቦታ ተከፈተ። እኔ የምሄድበት መርካቶ አካባቢ ያለች ጠባብ ክፍል ነበረች። አራት ኮምፒውተር፣ አንድ የስልክ መስመር። ሒሳቡ በደቂቃ ነው። ባልደረባዬ ገንዘቡን ለታናናሾቹ ስለሚልክ እዚያ አይመጣም ነበር። እኔ እሄዳለሁ፣ ያየሁትን እነግረዋለሁ።

አንድ የነሐሴ ቀን ከሥራ ስወጣ ገባሁ። የጅማን ነሐሴ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ጠዋት የጀመረ ዝናብ ማታም አያባራም። ገጹ ከላይ ወደ ታች እየተጎተተ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ ዓርማው ብቅ አለ፤ የግብረ ሰናይ ድርጅት ነው። ቀጥሎ የሥራ መደቡ፤ ፋይናንስ ኦፊሰር። ቀጥሎ ቦታው፤ ጅማ። ልቤ መምታት ጀመረ። የትምህርት ደረጃ የሚለው መስመር ላይ ሲደርስ መብራት ጠፋ።

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ በ1996፣ ግልገል ጊቤ ተመርቆ ነበር። 184 ሜጋ ዋት። ከእኛ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ በኩል ስለሆነ የራሳችን ነው የመሰለን። አባቴ ነፍሱን ይማረውና «ከእንግዲህ ጅማ ጨለማ አያይም» ብሎ ፋኖሱን ለጎረቤት ሰጥቶ ነበር። ግድቡ የሚያመነጨው ለመላው አገር እንደሆነ፣ ሰፈራችን የሚጠፋው ደግሞ በምሰሶና በትራንስፎርመር ችግር እንደሆነ በኋላ ነው የገባኝ። ይቅርታ፣ ከነገሬ ወጣሁ። አባቴን ሳስታውስ እንዲህ ያደርገኛል።

ሁለት ሰዓት ጠበቅኩ። ልጁ ሻማ ለኮሰ፣ ሌሎቹ ሁሉ ሄዱ፣ እኔ አልሄድኩም። መብራቱ ሲመጣ እንደገና ከዓርማው ጀመረ። የትምህርት ደረጃ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ። ልምድ፣ ሦስት ዓመት። ደመወዙ እኔ የማገኘውን ሦስት እጥፍ ይሆናል። የተጻፈው በእኔ ልክ አልነበረም። ፊት ለፊቴ በሚቀመጠው ልጅ ልክ የተሰፋ ነው።

አንድ ኮፒ ብቻ ፕሪንት አስደረግኩ። አራት አድርጌ አጠፍኩና የኮቴ የውስጥ ኪስ ውስጥ ከተትኳት።

የአዌቱን ድልድይ ስሻገር ለራሴ የምነግረውን ምክንያት ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። ጨለማ ውስጥ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። የደቂቃውን የከፈልኩት እኔ ነኝ። እሱ ወጣት ነው፣ ገና ብዙ ያገኛል። እኔ ሦስት ልጆች አሉኝ። ልምዴ ዲግሪውን ይተካልኛል። በማግሥቱ ጠዋት ጃንጥላውን እያራገፈ «ትናንት ኢንተርኔት ሄደህ ነበር እንዴ? ምን አዲስ ነገር አለ?» አለኝ። «ምንም የለም። መብራትም ጠፋ» አልኩት። መብራት መጥፋቱ እውነት ነው። ያቺ እውነት ውሸቴን እንድትሸፍንልኝ ነው ያስገባኋት።

አመለከትኩ። አልጠሩኝም። ለፈተና እንኳን አልጠሩኝም።

ሦስት ሳምንት ያህል አለፈ። ወር መዝጊያ ነው። ወረቀት ስለሚያጥረን ለድምር የምንጠቀመው አሮጌ ወረቀት ጀርባውን ነበር። ኪሴን ሳራግፍ ያቺም ወረቀት ከአሮጌዎቹ ጋር ተቀላቅላለች፤ እንዴት እንዳላስተዋልኳት እስከ ዛሬ አላውቅም። ድምሬ አልገጥም ሲለኝ እንደ ልማዳችን «እስቲ እየኝ» ብዬ ሰጠሁት። እስክሪብቶውን ይዞ ወደ ታች ወረደ። ከዚያ ወረቀቱን ገለበጠ።

ሲያነብ አየሁት። ቀስ ብሎ ነው ያነበበው። ጣቱ ቀኑ ላይ ቆመ። ኢንተርኔት ቤት የገባሁበትን ቀን ያውቃል፣ ቆጥሮ ደረሰበት። ከዚያ ወረቀቱን መልሶ ገልብጦ «ሰባተኛው መስመር ላይ አሥሩን ትተኸዋል» አለኝና ሰጠኝ። ሌላ ቃል አልተናገረም። ዓርብ ማታ ስንወጣ ግን በር ላይ ቆም ብሎ «ጋዜጣውን ከእንግዲህ ለየብቻችን ብንገዛ ይሻላል» አለኝ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

ቦታው ሰው ጠፍቶለት ሁለተኛ ጊዜ መውጣቱን፣ መጨረሻ ላይም ከአዲስ አበባ ሰው መምጣቱን ከዓመት በኋላ ሰማሁ። እሱ ያኔ ወደ ሚዛን ተፈሪ ሄዷል። በ2004 መናኸሪያ ተገናኝተን ሻይ ጠጣን። ሻይውን የከፈለው እሱ ነው። ልነግረው አፌን ስከፍት ረዳቱ «ሚዛን! ሚዛን!» ብሎ ጮኸ፣ ተነሣ። ረዳቱን ምክንያት አደርገዋለሁ እንጂ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ጊዜ ነበረኝ።

እና ልጄ፣ ላኪላቸው።

ለዚህ የሚቀል ምክንያት ልሰጥሽ እችላለሁ። ዛሬ ኢትዮጆብስ አለ፣ ሊንክድኢን አለ፣ አፍሪወርክ አለ፣ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር የሥራ ገበያ መረጃ ሥርዓት አለ። አንድ ትልቅ የቴሌግራም ቻናል ላይ የወጣን ማስታወቂያ ስንት ሺህ ሰው ያየዋል። ከሁለት ጓደኛ ብትደብቂው የሚቀንስ ተወዳዳሪ የለም። ይህን ጽፌ ልተወው ነበር። ግን የእኔ ነገር በዚህ ሒሳብ አይፈታም። እኔ የደበቅኩት በእርግጥም ተወዳዳሪ ቀንሶልኛል። ምናልባት በጅማ ከተማ ያየናት ሰዎች በጣት የምንቆጠር ነበርን። ያም ሆኖ ልነግረው ይገባ ነበር። ሦስት ዓመት ግማሽ ጋዜጣ የከፈለ ሰው ነው።

አሁን ደግሞ የማይወደድ ነገር ልናገር። የዛሬ ልጆች ታካፍላላችሁ፣ በዚህ ከእኛ ትሻላላችሁ። ግን ሳታነቡ ነው የምታካፍሉት። እኔን ያስገቡኝ አንድ የሥራ ግሩፕ አለ። በቀን ሃያ ሠላሳ ማስታወቂያ ይወረወርበታል። ግማሹ ቀኑ ያለፈበት ነው። ሌላው ስክሪንሾት ነው፤ ሊንኩ የለም፣ ከየት እንደመጣ አይታወቅም። አንድ የሰፈራችን ልጅ ጓደኛው በቅንነት የላከለትን ማስታወቂያ አምኖ «ለሥልጠናና ለዩኒፎርም» ተብሎ በቴሌብር ከፈለ። በማግሥቱ የገንዘብ ተቀባዩ ስልክ ዝግ ነው። ገንዘቡን ያጠራቀመችው እናቱ ናት፣ ቆሎ ሸጣ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ሕጋዊ አገናኝ ኤጀንሲ እንኳ ከሠራተኛው ክፍያ እንዳይቀበል ይላል። ብር የጠየቃችሁን ሁሉ እዚያው ዝጉት። ስለዚህ ላኩ ብዬ የነበርኩት ሰው አሁን ደግሞ አትላኩ እያልኩ ነው። ሁለቱንም ከልቤ ነው የምለው። ለጓደኛ የሚላክ ነገር ድርጅቱ ራሱ ገጽ ላይ ተፈልጎ፣ ተነቦ፣ ቀኑ ታይቶ ይላክ።

ሲቪ አሳምሩ፣ ኢሜይላችሁን የሕፃን ስም አታድርጉት፣ እንዲህ ያለውን አልመክራችሁም፤ ታውቁታላችሁ። የማታስተውሉትን ግን አያለሁ። ቀኑ በፈረንጅ ሆኖ «ጁን 7» ሲል «ሰኔ 7» ብላችሁ ትይዙታላችሁ። ጁን 7 ግንቦት 30 ነው፤ እናንተ ስትደርሱ ሳምንት አልፎታል። «5:00 ፒኤም» የሚለው አሥራ አንድ ሰዓት ነው፣ አምስት ሰዓት አይደለም። ፎርሙ «ላስት ኔም» ሲል አንዱ የአባቱን ይሞላል፣ አንዱ የአያቱን፤ የፈለጋችሁትን ያዙ፣ ግን ቴምፖው (ጊዜያዊ ዲግሪው) ላይ፣ ፋይዳው ላይና ኢሜይሉ ላይ አንድ ይሁን። በላቲን ፊደል የስሙ አጻጻፍ በሦስት ዓይነት ሆኖ በፈተና በር ላይ የሚመለስ ልጅ አይቻለሁ።

ይህን ሁሉ ደግሞ ሰው ብቻውን ሲያየው ያልፈዋል። የራስን ስሕተት ዓይን ይለምደዋል። እኔ አሥሩን ስተወው ያየችው የእሱ ዓይን ነበረች። እሱ ከሄደ በኋላ ስንት ወር ብቻዬን እንደዘጋሁ፣ ስንት ማመልከቻ ማንም ሳያይልኝ እንደላክኩ አስቡት። ሦስት ሆናችሁ ብትቀመጡ፣ አንዷ የሌላዋን ፎርም ብታነብ፣ አንዷ ፓኬጅ ስታጣ ሌላዋ ሆትስፖት ብትከፍት፣ ለፈተና ተጠርታችሁ አዲስ አበባ ብትወርዱ አንድ አልጋ ተካፍላችሁ ብታድሩ፣ ይህን ማንም ቻናል አይሰጣችሁም።

ትናንት ማታ ልጅቷን በራቸው ላይ አገኘኋት። እሑድ ያልመለስኩላትን ነገርኳት፣ የወረቀቷን ታሪክም ጭምር። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ መሬት መሬት እያየች «ለአንዷ ልኬላታለሁ፣ ጋሼ። ለሁለተኛዋ ግን ገና ነኝ፤ እሷ ጂፒኤዋ ከሁላችንም ይበልጣል» አለችኝ።

ማመልከቻው የሚዘጋው ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ዛሬ ረቡዕ ነው።