«ጌትዴት»ን ስሙን ልቀይረው ወይስ ልተወው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ። የምሠራው የሠራተኛ ደመወዝና ፈቃድ በሚይዝ ሲስተም ላይ ነው። ኮዱ 11 ዓመት ሆኖታል፣ ከጻፉት ሰዎች አብዛኞቹ ለቀዋል። ውስጡ «ጌትዴት» («ቀን አምጣ» እንደማለት) የሚባል ፈንክሽን፣ ማለትም በስሙ ሲጠራ አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል፣ አለ። የዛሬን ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር የሚሰጥ መስሎኝ የአዲስ ሠራተኛ መመዝገቢያ ላይ ተጠቀምኩበት። ለካ የሚሰጠው የኛን አቆጣጠር ነው። በየካቲት 2017 የተቀጠረች ልጅ ሦስት ወር ሳይሞላት ሲስተሙ ወደ 8 ዓመት አገልግሎት ቆጠረላት፣ የፈቃድ ቀኗም በዚያው ልክ በዛ። ስሙን ልቀይር ስል አለቃችን «እየሠራ ያለ ነገር አይነካም» አሉኝ። ከ400 በላይ ቦታ ይጠራል። «ፕሮሰስ2» የሚባልም አለ፣ ፊደሉ ተሳስቶ የተጻፈም አለ። ሁሉንም ላጽዳ ወይስ ዝም ልበል?
ግራ የገባው ፕሮግራመር፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ «ጌትዴት»ን ቀይረው። ሌሎቹን ለጊዜው ተዋቸው።

ፊደሉ የተሳሳተው ዓይን ያስቀይማል እንጂ ማንንም አያሳስትም። በየቀኑ የምንጠቀምበት ኤችቲቲፒ፣ ብራውዘርና ድረ ገጽ የሚነጋገሩበት ደንብ፣ ራሱ «ሬፈረር» የሚለውን ቃል አንድ «አር» ጎድሎት ነው የያዘው። በፈረንጅ 1996 በወጣው ሰነድ ላይ እንደዚያው ሰፈረ፣ እስከ ዛሬም እንደዚያው ነው፣ ድረ ገጾችም ያለ ችግር ይሠራሉ። «ፕሮሰስ2» ደግሞ ምንም አይነግርህም። ምንም ስለማይነግርህ ከፍተህ ታነበዋለህ። «ጌትዴት» ግን የማይሰጥህን እሰጣለሁ ይልሃል፣ አንተም አምነህ አልፈኸዋል። ጥፋቱ ያንተ ብቻ አይደለም። ኤስኪውኤል ሰርቨር በሚባለው የማይክሮሶፍት ዳታቤዝ ውስጥ በዚሁ ስም የሚጠራ ፈንክሽን አለ፣ የሚሰጠውም የፈረንጁን ቀን ነው። እሱን የለመደ ሰው ሁሉ እዚህ ቦታ ይወድቃል።

ስህተቱ ደግሞ ዝምተኛ ነው። የኛን ቀን እንደ ፈረንጅ ቀን ብታስገባው ዳታቤዙ «አልቀበልም» የሚልህ ጳጉሜ ላይ ነው፣ 13ኛ ወር ስለማያውቅ። ሌላው ጥቅምት 30 ነው፣ 2ኛ ወሩን ፌብሩዋሪ አድርጎ ስለሚያየው፤ አብዛኛውን ዓመት 29ም አያልፍም። የቀረውን ዓመት ሙሉ ያለ ምንም ቅሬታ ይቀበልሃል። ለዚህ ነው ወራት ያለፉት።

አለቃህ ግን አንድ ነገር ላይ ልክ ናቸው። 400 ቦታ ማለት ያየኸው 400 ነው። ያላየኸው ይኖራል። ስሙ በጽሑፍ መልክ የሚጠራበት ቦታ፣ የሪፖርት ፋይል፣ ማታ ማታ የሚሮጥ ስክሪፕት፣ ሰው ስልክ ላይ ያለ አሮጌ አፕ፣ ሂሳብ ክፍል ያለች አንዲት ኤክሴል ሳይቀር። ስለዚህ በአንድ ቀን ፈልጎ መተካት የሚባለውን ነገር እንዳታስበው። በተለይ አንተ ጋ ያ ፍለጋ የኤስኪውኤሉንም «ጌትዴት» አብሮ ይነካዋል።

እኔ ብሆን እንዲህ ነው የማደርገው። መጀመሪያ ያው ሥራ በአዲስ ስም ይጻፋል፣ ለምሳሌ «ዛሬ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በጽሑፍ» የሚል ትርጉም ያለው። ቢረዝምም ይርዘም። አሮጌው ስም ይቆያል፣ ግን ውስጡ አዲሱን ከመጥራትና ማን እንደጠራው ሎግ (የመዝገብ ፋይል) ላይ ከመጻፍ ውጭ ምንም አይሠራም። ከዚያ ጠሪዎቹን በክፍል በክፍል ታዛውራለህ፣ ፈቃድ አንድ ሳምንት፣ ደመወዝ ሌላ ሳምንት። ደመወዝ በሚዘጋበት ሰሞን እንዳትነካው። ሎጉ አንድ ሙሉ የደመወዝ ዓመት፣ ጳጉሜንም ጨምሮ፣ ባዶ ከሆነ አሮጌውን ማጥፋት ትችላለህ። ረዘመ ካልክ የፓይተንን ቋንቋ እይ፦ «አሰርትኢኳልስ» የሚባለው ስም ተዉት ከተባለ ከ10 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው በፈረንጅ 2023 በ3.12 እትም የተወገደው።

አንድ ነገር አደራ። አሮጌውን ስም ይዘህ ትርጉሙን እንዳትቀይር። «ጌትዴት ከዛሬ ጀምሮ የፈረንጅ ቀን ይስጥ» ብትል 400ውም ቦታ በአንድ ሌሊት ይበላሻል፣ የሚጮህ ስህተትም አይመጣም። ጃቫስክሪፕት ላይ «ጌትይር» የሚባለው በፈረንጅ ከ1900 ወዲህ ያለውን ቁጥር ብቻ ነበር የሚሰጠው፣ 1998 ላይ 98። ብዙ ሰው ፊቱ ላይ 19 እየለጠፈ ይጠቀምበት ስለነበር 2000 ሲገባ አንዳንድ ድረ ገጾች «19100» ብለው አሳዩ። ሙሉውን ዓመት የሚሰጠው «ጌትፉልይር» ነው፣ ራሱን የቻለ ሌላ ስም ተሰጥቶት። አሮጌው ዛሬም አለ፣ ዛሬም ያንኑ ያልተሟላ ቁጥር ይሰጣል፣ የድሮውን ኮድ የሚነካው የለም።

ስም የቀየርክበት ኮሚት (አንድ ላይ የሚመዘገብ የኮድ ለውጥ) ውስጥ ሌላ ምንም አትጨምር፣ አንዲት ባግ እንኳን ብታይ። ሪቪው የሚያደርገው ሰው 60 ፋይል ውስጥ አንድ የተለወጠ ስሌት ሊያይልህ አይችልም። «ታሪኩ ይጠፋል፣ ጊት ብሌም ላይ ሁሉም መስመር ያንተ ስም ይሆናል» ካሉህ ደግሞ (ብሌም እያንዳንዱን መስመር መጨረሻ የቀየረውን ሰው የሚያሳየው ትእዛዝ ነው) ጊት ከ2.23 ጀምሮ፣ ማለትም ከፈረንጅ 2019 ወዲህ፣ እንደዚህ ዓይነት ኮሚቶችን ዝለላቸው የምትልበት ፋይል አለው።

አለቃህ አሁንም እምቢ ካሉ ከፈንክሽኑ አናት ላይ ኮሜንት ጻፍ፣ ምሳሌውንም ጨምር፦ «የኢትዮጵያ ቀን ይመልሳል፣ 2016-13-05 ሊሆን ይችላል»። 13 የሚለውን ቁጥር ያየ ሰው ቆም ይላል። ለዚህ ደግሞ የማንም ፈቃድ አያስፈልግህም።

ከስሙ በፊት ግን የልጅቷን ጉዳይ ጨርስ። ስም መቀየር ዳታቤዝ ውስጥ የገባውን አያስተካክልም። 2017 የሚለውን ዓመት ብቻ አይተህ የኛ ይሁን የፈረንጅ መለየት አትችልም፣ ስለዚህ ያንተ ኮድ ፕሮዳክሽን (ሰው የሚሠራበት ሲስተም) ከገባበት ቀን ጀምሮ የተመዘገቡትን ሠራተኞች በሙሉ አውጣና ከሰው ሀብት ክፍል ጋር ሆናችሁ አንድ በአንድ ከቅጥር ደብዳቤያቸው ጋር አመሳክሩት። በስህተት የበዛውን ፈቃድ የወጣ ሰው ካለም ስህተቱ የሲስተሙ እንጂ የሱ እንዳልሆነ በጽሑፍ ይያዝለት።