የብርቱካን መዓዛ ልጣጩ ላይ ነው
የጓዳ ጥያቄዎቻችሁ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የሦስት ልጆች አባት ነኝ። ባለቤቴ ነርስ ናት። አርብ ሌሊት ተረኛ ስለሆነች ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደክሟት ነው የምትገባው። እኔና ልጆቹ ትኩስ ቁርስ ይዘን ልንጠብቃት ፈለግን። እሷ ደግሞ ብርቱካን ስትወድ ለጉድ ነው። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው እህቴ የፓንኬክ አሠራር ላከችልኝ። ሁለት ኩባያ ዱቄት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ሁለት እንቁላል፣ አንድ ተኩል ኩባያ ወተት ይላል። እኔ ወተቱን ትቼ በሙሉ የብርቱካን ጭማቂ አደረግኩበት። ልጣጩንም በቢላ ከትፌ ጨመርኩ። መጥበሻው ላይ ጉፍ ብሎ ተነሣ። ሳወጣው ግን ሟሸሸ። ላዩ አሯል፣ ውስጡ ሊጥ ሊጥ ይላል፣ ይመራል። የብርቱካን ጣዕሙ ደግሞ የለም። ባለቤቴ ሁለት በላችና "ጥሩ ነው" አለችኝ። ልጆቹ ነክሰው ተዉት። ምን አጥፍቼ ነው? (ከሰሚት፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሌሊቱን ሙሉ ቆማ ላደረች ሴት ትኩስ ቁርስ ይዞ መጠበቅ ትልቅ ነገር ነው። እንዲሳካልህ ስለምፈልግ በዝርዝር እነግርሃለሁ።

መጀመሪያ ብርቱካኑ። ጭማቂው ውስጥ ያለው በአብዛኛው ውኃ ነው፤ ከዚያ ስኳርና አሲድ። ያ አፍንጫ የሚጠራው መዓዛ ግን ልጣጩ ላይ ነው፤ የላይኛው ስስ ቆዳ ጥቃቅን ዘይት የያዙ ከረጢቶች አሉት። ማታ ሻማ አብራና አንድ ቁራጭ ልጣጭ ከነበልባሉ አጠገብ አጠፍ አድርገህ ጨመቅ አድርገው። ብልጭ ብልጭ ሲል ታያለህ። የሚነደው ያ ዘይት ነው። ልጆቹ ቢያዩት ደስ ይላቸዋል፤ ልጣጩን ግን አንተ ያዝ።

የሚመረው ደግሞ ከቆዳው ሥር ያለው ነጩ ነው። በቢላ ስትከትፍ ነጩን አብረህ ከተትከው። ስለዚህ ቢላውን ተው። የካሮት መፈቅፈቂያህ ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው ጎን አለው። ብርቱካኑን ለብ ባለ ውኃ አሽተህ እጠበው፣ አድርቀው፣ ከዚያ ቀስ እያልክ ፈቅፍቀው። አንድ ቦታ ላይ አንዴ ብቻ፤ ወዲያው ታዞረዋለህ። ነጩ ብቅ ካለ አልፈሃል ማለት ነው። ቆዳው አረንጓዴ ነው ብለህም አትለፈው። እንደ አዋሽ ሸለቆ ባለ ሞቃት ቦታ የሚበቅል ብርቱካን ውስጡ በስሎ ቆዳው አረንጓዴ ሊሆን ይችላል፤ ቀለሙን የሚያወጣው የሌሊት ቅዝቃዜ ነው። እጅህ ላይ ከበድ የሚለውን ምረጥ።

አሁን ዋናው ነገር። ሦስት የሾርባ ማንኪያ ስኳር ሳህን ውስጥ አድርግ። የፈቀፈቅከውን የሁለት ብርቱካን ልጣጭ ጨምርበትና በጣት እሸው። ይኼን ለትንሹ ልጅህ ስጠው። ሁለት ደቂቃ ያህል እንደታሸ ስኳሩ እንደ እርጥብ አሸዋ ይሆናል፣ ቀለሙ ወደ ብጫ ይሄዳል፣ ቤቱን መዓዛ ይሞላዋል። ስኳሩ ልጣጩን እየፋቀ ዘይቱን ያወጣዋል። እናቴ የብርቱካን ልጣጭ አድርቃ የስኳሩ ቆርቆሮ ውስጥ ትጥል ነበር። እንግዳ ሻዩን ፉት ሲል "ምን አደረግሽበት?" ይላታል። ስኳሩ ነው ስትል የሚያምናት አልነበረም። እኔ ይኼን ነገር ከእሷ ነው ያገኘሁት።

የእህትህ አሠራር ጥፋት የለበትም። እሷ ጋ ይሠራል። ሲልቨር ስፕሪንግ ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ አይልም። አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ነው፤ ውኃ እንኳ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። ስለዚህ ቤኪንግ ፓውደሩ የሚያወጣው ጋዝ ሊጡን ከልክ በላይ ይነፋዋል። ሊጡ በስሎ ሳይጠነክር አረፋው ይፈነዳል። ያንተም ጉፍ ብሎ የሟሸሸው ለዚህ ነው። የሾርባ ማንኪያውን ተውና ሁለት የሻይ ማንኪያ አድርግ፤ ላዩን በቢላ ጠርዝ ጥረገው።

ጭማቂውም ሲበዛ ሌላ ጣጣ አለው። አሲዱ ቤኪንግ ፓውደሩን ገና ሳህኑ ውስጥ እያለ ያስጨርሰዋል። ስኳሩ ደግሞ ውስጡ ሳይበስል ላዩን ያሳርረዋል። ሩብ ኩባያ ይበቃል።

እንግዲህ እንዲህ አድርገው። 250 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ ቤኪንግ ፓውደሩንና ቁንጥር ጨው ደባልቀህ ያን የታሸ ስኳር ጨምርበት። በሌላ ሳህን ሁለት እንቁላል፣ አንድ ኩባያ ከሩብ ወተት፣ ሩብ ኩባያ ጭማቂና ሁለት የሾርባ ማንኪያ የቀለጠ የገበታ ቅቤ ምታ። ወተቱ ትንሽ የረጋ ቢመስል አትደንግጥ። አሬራ ካገኘህ በወተቱ ፋንታ አድርገው፤ ፓንኬኩን ያለሰልሰዋል። አሬራው ራሱ ኮምጣጣ ስለሆነ ግን ያን ጊዜ ጭማቂውን ተወው፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨምር፣ ቤኪንግ ፓውደሩን ወደ አንድ የሻይ ማንኪያ አውርደው።

ፈሳሹን ዱቄቱ ላይ ገልብጠህ በማንኪያ አማስል። ደረቅ ዱቄት መታየቱን ሲያቆም አንተም አቁም። ጓል ጓል ቢል ምንም አይደለም። ብዙ ከመታኸው እንደ ዳቦ ሊጥ ይሳብና ድርቅ ይላል። 10 ደቂቃ ይረፍ።

መጥበሻውን መካከለኛ እሳት ላይ ጣድና ጥቂት ዘይት ቀባ አድርገው። የመጀመሪያዋ ማሟሻ ናት፤ በእሷ አትናደድ። ከእሷ በኋላ እሳቱን ትንሽ ቀንስ። መቼ እንደምትገለብጥ እንጀራ አይተህ ታውቀዋለህ። ላዩ ዓይን ሲያወጣና ዓይኑ ተመልሶ ሳይደፈን ሲቀር፣ ያን ጊዜ ነው። አንዴ ብቻ ገልብጥ። በመገልበጫው አትጫነው፤ የነፋው ሁሉ ይወጣል።

የሰዓቱን ነገር ልጨምርልህ። ዱቄቱንና ስኳሩን አርብ ማታ አዘጋጅተህ ክደነው። እንቁላሉንና ወተቱን ጠዋት ምታ። ሁለቱን የምትደባልቀው ግን ባለቤትህ "ታክሲ ያዝኩ" ብላ ስትደውል ነው። የተደባለቀ ሊጥ ብዙ አይጠብቅም። የወጣውን ደግሞ ሳህን ላይ ደርድረህ ክዳን አትጫንበት፤ በራሱ እንፋሎት ይረጥባል። ሰፌድ ላይ ንጹሕ ጨርቅ ዘርግተህ ጎን ለጎን አድርገው፣ በሌላ ስስ ጨርቅ ሸፈን አድርገው። ሰፌዱ እንፋሎቱን ከሥር ያሳልፋል፣ ሙቀቱንም ይይዝልሃል።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እኔ በጾም ጊዜ ልጆቼን ጠዋት ጠዋት ሁልጊዜ ቂጣ ማብላት ሰለቸኝ። ከዘጌ የመጣ ሎሚ ቤቴ ሞልቷል። ያለ እንቁላልና ያለ ወተት ፓንኬክ ይሆናል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ይሆናል፣ እህቴ። ተልባሽን አውጪ። ለአንድ እንቁላል አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በሦስት የሾርባ ማንኪያ ውኃ በጥብጠሽ 10 ደቂቃ አቆዪው። ይወፍርና እንደ እንቁላል ያያይዝልሻል። ለ250 ግራም ዱቄት የሁለት እንቁላሉን አድርጊ። በወተቱ ፋንታ ውኃ፣ በቅቤው ፋንታ ዘይት። ሁለት የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ስትጨምሪ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ አብረሽ አድርጊበት፤ ቤኪንግ ፓውደሩ አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃል።

የኛ ሎሚ ትንሽና ቆዳው ስስ ነው። መፈቅፈቂያው ቶሎ ነጩ ላይ ይደርሳል። ስለዚህ እጅሽን አቅልለሽ ከአራት ሎሚ ጥቂት ጥቂት ውሰጂ እንጂ ከአንዱ ሁሉንም ለማውጣት አትታገዪ። የጾሙ ፓንኬክ ሲገለበጥ ስለሚሰበር የስኒ ማስቀመጫ በሚያህል መጠን አድርጊው። እሳቱም ለስለስ ይበል። ተልባው ውኃ ስለሚይዝ መብሰያው ከእንቁላሉ ይረዝማል።

ጥያቄ፦ ፓንኬክ ላይ የሚፈሰው ሜፕል ሲሮፕ ለእኛ ውድ ነው። ምን ልተካበት? (ከአዳማ)

መልስ፦ ማር። አራት የሾርባ ማንኪያ ማር፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የብርቱካን ጭማቂ፣ በትንሽ እሳት ለብ አድርጊና አማስዪው። አታፍዪው፤ የማሩ መዓዛ ይጠፋል። ቀዝቅዞ ከወፈረብሽ ዕቃውን ሙቅ ውኃ ውስጥ አስቀምጪው።