ንግሥትን ማስበላትና ሌሎች የቼዝ ጥያቄዎች

የሰሌዳ ፎቶ ልከው "ማን ያሸንፋል?" ላሉን አንባቢ፦ ተራው የማን እንደሆነ ይንገሩን እንጂ! ነጭ ከሆነ ነጭ፣ ጥቁር ከሆነ ጥቁር።

ሐዋሳ። ደብዳቤው ረጅም ነው። ባጭሩ፣ ጸሐፊው የቼዝ ተጫዋቹን የፖል ሞርፊን ዝነኛ ጨዋታ አይተው ንግሥቲቱን ቢ8 ላይ (ፊደሉ የሰሌዳውን ዓምድ፣ ቁጥሩ ረድፉን ያመለክታል) ማስበላት "ሲወለዱ ካልተሰጠ አይታሰብም" ብለው ተስፋ ቆርጠዋል።

ኧረ ይታሰባል! ጨዋታው በ1858 ፓሪስ ኦፔራ ቤት ውስጥ የተደረገ ነው። ባንድ ወገን የ21 ዓመቱ አሜሪካዊ ሞርፊ፣ በሌላው የብራውንሽዋይግ መስፍንና ኮንት ኢዙዋር እየተመካከሩ። መጨረሻው ላይ ጥቁሩ ንጉሥ ኢ8፣ ፈረሱ ዲ7፣ ንግሥቱ ኢ6 ላይ ናቸው። ኤፍ8 ያለው ቢሾፕ (በሰያፍ የሚሄደው) እና ኤች8 ያለው ሩክ (ቀጥ ብሎ የሚሄደው) ጨዋታው ሲጀመር ከቆሙበት ንቅንቅ አላሉም። ነጩ ቢሾፕ ጂ5፣ ሩኩ ዲ1፣ ንግሥቲቱ ቢ3።

እርስዎ የጀመሩት ከንግሥቲቱ ነው። ከንጉሡ ይጀምሩ። ወዴት ይሸሻል? ዲ8ንና ኢ7ን ቢሾፑ ይዟቸዋል፤ የቀረውን የራሱ ሠራዊት ዘግቶበታል። ሩኩ ዲ8 ከገባ ቼክሜት ነው፣ ንጉሡ ማምለጫ የለውም፤ መንገድ የዘጋው ያ ፈረስ ብቻ። እንግዲህ ፈረሱን ማን ያስነሣልን? ነጩ ቼክ የሚልባቸው፣ ማለትም ንጉሡን የሚያጠቃባቸው፣ እርምጃዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው ንግሥት በንግሥት መለዋወጥ ነው፤ ያኔ ጥቁሩ በፈረስ ይበልጣል። ሁለተኛው ንግሥቲቱን ቢ8 ማስገባት ነው። እዚያ ላይ ጥቁሩ አንድ ሕጋዊ መልስ ብቻ አለው፤ በፈረሱ መብላት። ይበላል፣ ሩክ ዲ8፣ በ17ኛው እርምጃ አለቀ።

ስልክ ላይ ያለው የቼዝ እንቆቅልሽ "እዚህ ማሸነፊያ አለ" ብሎ አስቀድሞ ሹክ ይልዎታል። በራስዎ ጨዋታ ሹክ የሚል የለም። ስለዚህ በየተራዎ ቼኮችን ሁሉ፣ የሞኝ የሚመስለውንም ጭምር፣ ይዩ። ተጋጣሚዎ ሁለተኛ መልስ ካለው ግን እሱንም እስከ መጨረሻው ሳያሰሉ ንግሥትዎን እንዳይሰጡ። "ያምራል" ብሎ አስበልቶ የሚሸነፍ ሞልቷል።

ዋሽንግተን፦ "አባቴ ድሮ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ ተራ አይጠበቅም ነበር ይላሉ። እየቀለዱብኝ ነው?" አልቀለዱም። የሰንጠረዥ፣ የጥንቱ የኢትዮጵያ ቼዝ፣ መክፈቻ ወረራ ይባላል፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ሁለቱም እንደ ልባቸው ያንቀሳቅሳሉ። በንግሥት ፈንታ ያለችው ፈርዟም በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ስለምትሄድ ብትበላም እንደ ዛሬዋ ንግሥት አታንገበግብም።

አንዲት እናት፦ የ9 ዓመት ልጃቸው እስከ እኩለ ሌሊት ስልክ ላይ እንቆቅልሽ ይፈታል፤ ዓይኑን ያሻል፣ ራሴን አመመኝ ይላል። "አእምሮን ስል ያደርጋል ሲባል ሰምቼ ልከለክለው ፈራሁ።"

እመቤቴ፣ በዚህ ሳምንት የዓይን ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት። ከእኔም ከጎረቤትም ምክር አይጠብቁ፤ መታየት አለበት። ስልኩን ማታ ይቀበሉት፣ የእንጨት ሰሌዳ ይግዙለት።

"ንግሥቴ ሳትበላ ወታደሬ ሁለተኛ ንግሥት መሆን ይችላል?" ይችላል። ብቻ በውድድር ላይ ሩክ ገልብጠው "ንግሥት ናት" እንዳይሉ፤ የተገለበጠ ሩክ ያው ሩክ ነው። ትርፍ ንግሥት ካጡ ሰዓቱን አቁመው ዳኛ ይጥሩ።